ቤዛዊት፦ የአንድ ዝግ ቤተ መንግሥትና የግቢው ጉዳይ

ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ከሐይቁና ከጢስ ዓባይ ቀጥሎ የሚወሰደው ወደ ቤዛዊት ነው። ባጃጅ ይዞ የዓባይን ድልድይ ይሻገራል፣ ወደ ቀኝ ታጥፎ በሰማዕታት ሐውልቱ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ኮረብታውን ይያያዘዋል። ላይ ሲደርስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ቤተ መንግሥት አለ፤ በሩ ግን ዝግ ነው። ለአሥርት ዓመታት ቤዛዊትን መጎብኘት ማለት ከበሩ መለስ ብሎ ዳገቱ ጫፍ ላይ መቆም፣ ጀርባን ለቤቱ ሰጥቶ ወንዙን ማየት ሆኖ ኖሯል። ወደ ወንዙ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ወደ ቤቱ አይቻልም። ጠባቂዎቹም ይህንን ለመጣው ሁሉ በትሕትና ሲናገሩ ይውላሉ።

ቤዛዊት ለሕዝብ ይከፈት የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ ያወራል። የንጉሡ አልጋ፣ ወንበሩ፣ የግብዣ አዳራሹ፣ የመስታወቱ መስኮት። ይህ ምኞት ይገባኛል፤ ዝግ በር ያየ ሰው ከበሩ ጀርባ ያለውን ለማየት መጓጓቱ ያለ ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ሕንፃው ከሌሎቹ የአገራችን ቤተ መንግሥቶች ጋር ሲወዳደር ወጣትና መጠነኛ ነው። የሌላ ቦታ ቤተ መንግሥት የሌለው፣ ቤዛዊት ብቻ ያለው ነገር የቆመበት ኮረብታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ግቢውና ተዳፋቱ ለሕዝብ ይከፈት፣ ቤቱ ጊዜውን ጠብቆ ይከተል። ለምን እንዲህ እንደምል በዝርዝር ላስረዳ።

ከኮረብታው የሚታየው

ከቤዛዊት ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ዓባይን ገና ከጣና እንደወጣ ያየዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ጎጃምን ከቦ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ሜዲትራንያን የሚገባው ወንዝ እዚህ ገና ሰፊ፣ ዝግ ያለና አረንጓዴ ነው። በደንገልና በትናንሽ ደሴቶች መካከል ይከፋፈላል፣ መልሶ ይገናኛል። ጠዋት ላይ ውኃው ገና ጭጋጉን ሳይለቅ፣ ከደንገሉ ጥግ መጀመሪያ ድንጋይ የሚመስል ነገር ይታያል፤ ቆይቶ ጆሮውን ሲያወዛውዝ ጉማሬ መሆኑ ይለያል። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ታንኳ በዳርቻው ተጠግታ ትሄዳለች። በምዕራብ በኩል የከተማው የቆርቆሮ ጣሪያ ያንፀባርቃል፣ በመካከሉ የዘንባባ መንገዶቹ እንደ ጥቁር መስመር ይታያሉ፣ ከዚያ በላይ ጣና ራሱ አለ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ውኃ።

አሁን ዓይንን ከአድማሱ ወደ እግር ሥር እንመልስ። የዳገቱ ጫፍ ላይ ያሉት ድንጋዮች ሰው ተቀምጦባቸው ለስልሰዋል። በመካከላቸው የሸንኮራ ምጣጭ፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ የጠርሙስ ክዳን አለ። አግዳሚ ወንበር የለም። የቆሻሻ መጣያ የለም። ሽንት ቤት የለም፤ ሴት እናት ልጆቿን ይዛ ብትወጣ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቆየት አትችልም። ጥላ የሚሰጠው ዛፍ አብዛኛው ከአጥሩ ወዲያ ነው። አዛውንት የሚደገፉበት የእጅ መያዣ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚወጣበት መንገድ የለም። እንዲህም ሆኖ ሰው ይመጣል። እሑድ ከሰዓት ወጣቶች በቡድን ይወጣሉ፣ ተማሪዎች ለምረቃ ፎቶ ይመጣሉ፣ ፍቅረኞች ፀሐይ ስትጠልቅ ይቀመጣሉ። ሕዝቡ ቦታውን ማንም ሳይሰጠው መናፈሻ አድርጎታል፤ የጎደለው መናፈሻ የሚያሰኘው አገልግሎት ነው።

ወደ ላይ ሲወጡ የሚታለፈው የሰማዕታት ሐውልት ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እሱም የዓባይን ዳርቻ ይዞ ተሠርቷል፣ ደረጃ አለው፣ አበባ አለው፣ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አለው፤ ሙሽሮችም ለፎቶ ይመርጡታል። እዚህ የተቻለው ከሁለት ኪሎ ሜትር ወዲያ የማይቻልበት የተፈጥሮ ምክንያት የለም።

ቤቱ እንዴት እዚህ መጣ

ቤዛዊት በ1950ዎቹ የተሠራ ቤት ነው። ያን ዘመን ካላወቅን ቤቱም አይገባንም። ባሕር ዳር ከጣሊያን ወረራ በፊት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሰፈረች የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። በ1950ዎቹ ግን መንግሥት ዓይኑን ጣለባት። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም ተከፈተ፤ የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንዱ ሥር እሱ ነው። በ1956 ዓ.ም የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ11.4 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ። የጀርመን ባለሙያዎች የከተማውን ፕላን ነደፉ፤ ሰፋፊዎቹ መንገዶችና የመሐል ዛፎቹ የዚያ ዘመን ሐሳብ ናቸው። ዋና ከተማው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሊዛወር ነው የሚለው ወሬም በዚያው ዘመን የተናፈሰ ነው። ቤዛዊት ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ የሚታይ ቤት አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በአዲሷ ከተማ ላይ የነበራቸው ተስፋ ከላይ ሆኖ የሚታይበት መስኮት ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ለጎጃም መንገድ እንግዳ አልነበሩም። ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተክለው፣ በበላያ፣ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ አድርገው ነው አዲስ አበባ የገቡት። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። አርበኛው ባይጠብቅ፣ ገበሬው ስንቅ ባያቀብል ያ መንገድ መንገድ አይሆንም ነበር። ጎጃም በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ባለውለታ ነኝ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታሪኩ ግን በውለታ ብቻ አያበቃም፣ ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ለቤዛዊት ጉዳይ ዋናው ነው ብዬ አምናለሁ። በ1960 ዓ.ም አዲሱ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ ግብሩን ብቻ አልፈራም፤ ከግብሩ ጀርባ መሬት ይለካል፣ መሬት ከተለካ ርስት ይሄዳል ብሎ ፈራ። አባቶቹ ጥለውለት የሄዱትን ርስት የሚነካ ነገር ለጎጃሜ የሕይወት ጉዳይ ነው። ገማቾቹን አላስገባም አለ፣ ሽማግሌ ላከ፣ ሰሚ ሲያጣ ጠመንጃውን አነሣ። ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት ተነሡ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ ግን የወደቀው ገበሬው አልነበረም፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ አሥርት ዓመት ውስጥ በዚህ ኮረብታ ላይ የንጉሥ ቤት ይሠራል፣ ከኮረብታው በሚታየው አገር ገበሬው በዚያው ንጉሥ አዋጅ ላይ ይነሣል። ቤዛዊት ሙዚየም ከሆነ ግድግዳው ላይ ይህ ካልተጻፈ ምን ሊጻፍበት ነው? የሸክላ ሳህንና የወርቅ ቅብ ወንበር በአዲስ አበባም ሞልቷል። የ1960ውን አመፅ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ቢያንስ ሰባዎቹን ተሻግረዋል። በዚያ ቤት አትክልተኛ፣ ወጥ ቤት፣ ዘበኛ የነበሩትም እንዲሁ። ቃላቸው አሁን ካልተቀዳ አይቀዳም። ለዚህ ደግሞ በር እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም፤ መቅጃና ትዕግሥት ያለው ሰው ነገ መጀመር ይችላል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የድሮ ሰዎች ጎጃምን ከበጌምድር የሚለየው ዓባይ ነው ይላሉ፣ ቤዛዊት ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ነው። በዚህ ሒሳብ ኮረብታው ጎጃምን ከማዶ ሆኖ የሚያይ ነው ማለት ነው። ከተማዋ ግን ወንዙን ከተሻገረች ቆይታለች። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ተሰጥቶት ሁለቱን ወገን ይበልጥ አቀራርቧል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። ከመሐል ከተማ ተነሥቶ በድልድዩ አድርጎ እስከ ኮረብታው ግርጌ በብስክሌት መድረስ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ቀላል ሆኗል። ይህም ግቢው ይቅደም ለሚለው ሐሳብ አንድ ድጋፍ ነው፤ መንገዱ እየደረሰ ነው፣ የጎደለው መድረሻው ነው።

ሌሎቹ እንዴት ተከፈቱ

የአገራችን ቤተ መንግሥቶች ለሕዝብ የተከፈቱበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስቱን ከቤዛዊት ጋር አነጻጽሬ ማየት እፈልጋለሁ።

የአዲስ አበባው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የመጀመሪያው ነው። ቤቱ ብዙ ደም አይቷል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው፣ ከዚያም የአዲስ አበባ ሕዝብ የተጨፈጨፈበት ሦስት ቀን የተጀመረው በዚያ ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ባለሥልጣናት በዚያው ተገደሉ። በ1954 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፣ የስድስት ኪሎ ግቢ ተብሎ እስከ ዛሬ አለ። ቤቱ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ገባ፣ የንጉሡ መኝታ ክፍልም በሙዚየሙ ውስጥ ይታያል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ግቢው ነው። ተማሪው በየቀኑ በንጉሡ ዛፎች ሥር ያልፋል፣ በፏፏቴው ዙሪያ ይቀመጣል፣ መጽሐፉን ይዞ ሣሩ ላይ ይተኛል። ፋሺስቶች ለሥልጣን ዘመናቸው ቁጥር እንዲሆን በዓመት አንድ እርከን እያደረጉ የሠሩት ደረጃ አሁንም ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ማንም አስጎብኚ ሳያስረዳው ተማሪው ታሪኩን ይማራል፣ ምክንያቱም ታሪኩ በመንገዱ ላይ ነው። ቤቱ ሰዓት አለው፣ ትኬት አለው፤ ግቢው ግን የኑሮ ክፍል ሆኗል።

ሁለተኛው ታላቁ ቤተ መንግሥት ነው፣ ምኒልክ የቆረቆሩት 40 ሄክታር ገደማ ግቢ። አንድነት ፓርክ ተብሎ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም ሲመረቅ ብዙ ሰው የተደነቀው በግብር አዳራሹና በዙፋን ቤቱ ነበር። ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት አስሮበት የነበረው ምድር ቤትም ለእይታ መቅረቡ ተገቢ ነው፤ ቤተ መንግሥት ክብሩን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ግማሽ ታሪክ ነው የሚያሳየው። ለቤዛዊት ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ታላቁ ቤተ መንግሥት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ግቢ ነው። የአገር መሪ የሚሠራበት ግቢ ተከፍሎ፣ አንዱ ወገን ለሕዝብ፣ አንዱ ወገን ለመንግሥት ሆኖ መኖር ከቻለ፣ ለቤዛዊት የጥበቃ ጉዳይ መልስ የለውም ሊባል አይችልም። አጥር ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛ በር ይወጣል። የፍተሻ ቦታ ከኮረብታው ግርጌ ይሆናል።

ከዚሁ ፓርክ ልንቀዳው የማይገባን ነገርም አለ፣ የመግቢያ ዋጋው። ሲከፈት ለኢትዮጵያዊ መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር። ለአዲስ አበባ ደኅና ደመወዝተኛ የሚቻል ይሆናል። ከሜጫ ወይም ከአዴት ገበያ ውሎ ለመጣ ገበሬ፣ ከነልጆቹ ሲሆን፣ አይቻልም።

ሦስተኛው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነው፣ ለንጉሡ 25ኛ የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም የተመረቀው። ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በተደረገ ትብብር ታድሶ በ2017 ዓ.ም ለጎብኚ ተከፍቷል። እዚህ የቀደመው ቤቱና በውስጡ ያለው ንብረት ነው፣ ትክክልም ነው፤ በውስጡ ያለው የስጦታና የቤት ዕቃ ስብስብ ለብቻው ሙዚየም ይወጣዋል። ግን ያ ሥራ ዓመታት፣ የውጭ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ጠይቋል። ቤዛዊት ያንን መንገድ ከያዘ ሌላ አሥርት ዓመት በሩ ዝግ ሆኖ ይቆያል ማለት ነው። ዕቃ መመዝገብ፣ መጠገን፣ የእሳትና የእርጥበት መከላከያ ማስገባት፣ ባለሙያ መቅጠር፣ ይህ ሁሉ ግድ ነው፣ በጥድፊያም አይሠራም። ኮረብታውን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ግን ድንጋይ፣ ችግኝ፣ ውኃና የሰው ጉልበት ነው፤ አራቱም እዚሁ አሉ።

ወደ ሰሜን ስንሻገር ደግሞ ጎንደር አለች። የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ሰው ትኬት ቆርጦ ያየዋል። ሕዝቡ የራሴ የሚለው ግን የፋሲል መዋኛውን ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ውኃ ይሞላል፣ የዋርካው ሥር ግንቡን አቅፎ በያዘበት ዙሪያ ሕዝቡ ያድራል፣ ይዘምራል፣ ሲነጋ ውኃው ውስጥ ይገባል። የንጉሥ መዝናኛ የነበረ ቦታ የሕዝብ ሆኖ የቀጠለው ሕዝቡ የሚሠራበት ነገር ስላለው ነው። ቤዛዊትም እንዲህ ያለ የራሱ ቀን ያስፈልገዋል። እኔ ብሆን ሚያዝያ 27ን እመርጣለሁ፤ የጎጃም አርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ኮረብታው ላይ ተሰብስበው ሽለላና ፉከራው ዓባይን ተሻግሮ ቢሰማ ከየትኛውም የተለጠፈ ማስታወቂያ በላይ ቦታውን ሕይወት ይሰጠዋል።

ምን ዓይነት ግቢ

ግቢው ይከፈት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ንድፍ የሚታወቅ ነው፤ ሰፊ ሣር፣ የተከረከመ ቁጥቋጦ፣ በቀለም የተቀባ የጠርዝ ድንጋይ፣ መብራት፣ ፏፏቴ። በቤዛዊት ላይ ይህ ስሕተት ይሆናል፣ ምክንያቱንም የባሕር ዳር ዝናብ ይናገራል። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ይወርዳል። የቀረውን ጊዜ ሣር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ከዓባይ ውኃ ስቦ ወደ ኮረብታ ማውጣት ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ሣሩ ይደርቃል፣ ሣሩ ሲደርቅ አፈሩ ይራቆታል፣ በሐምሌ ዝናብ ደግሞ የተራቆተው አፈር ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ጎጃም የራሱ የአትክልት ቦታ ባህል አለው፣ ከውጭ መዋስ አያስፈልገውም። ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ጎጃምን ያየ ሰው በታረሰው ሜዳ መካከል ክብ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣቦች ያያል፤ እያንዳንዱ ደብር ነው። በዙሪያው ዛፍ ያልቆረጡት፣ ሰው በጥላው ሥር የሚያርፍበት፣ ወፍ የሚሰፍርበት። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት ዘጌ ደግሞ የዚህ ባህል ትልቁ ምሳሌ ነው። በገዳሙ ሥርዓት መሬቱ አይታረስም፣ ከብት አይገባበትም፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ ይበቅላል። እዚያ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ዋርካው ሳይጠጣ የሚያድር ዛፍ ነው፤ በክረምቱ ጠጥቶ በጋውን ይሻገራል። የቤዛዊት ተዳፋት በዚህ መንገድ ቢተከል፣ ከታች ብርብራና ሾላ፣ ከፍ ሲል ዋንዛና ወይራ፣ በመካከላቸው ቡና፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ጥላው ራሱን የሚጠብቅ ግቢ ይሆናል። ገበሬውም መጥቶ ሲያየው ዛፉን በስሙ ይጠራዋል፤ ለልጁ ብርብራ ዓሣ ለማደንዘዝ እንዴት ይጠቅም እንደነበር ይነግረዋል። ስሙን የማያውቀው የውጭ አበባ ግን ለእሱ አበባ ብቻ ነው።

ተዳፋቱን እርከን ማድረግም ግድ ነው። የእርከን ሥራ በጎጃም የተለመደ ነው፣ በየበጋው የሕዝብ ዘመቻ የሚወጣበት። የድንጋዩ እርከን ከአፈር መያዝ በተጨማሪ መቀመጫ ይሆናል፤ ሰው ወደ ወንዙ ዞሮ በየደረጃው ሊቀመጥበት ይችላል። የተለየ አግዳሚ መግዛት አይጠይቅም።

ጉማሬዎቹንና የወንዙን ዳርቻ መርሳት አይገባም። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፣ ስለዚህ ወደ ውኃው የሚወርድ መንገድ፣ ዳርቻ ላይ ካፌ፣ ማታ የሚበራ ትልቅ መብራት መታሰብ የለበትም። ሰው ከላይ ሆኖ ይይ፣ ከታች ያለውን ለእንስሳቱ ይተው። በሐይቁ ዳር ሰው በነፃ የሚቀመጥበት ቦታ እየጠበበ መሄዱን ባሕር ዳር የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ ኮረብታው የዚያ ዕጣ እንዳይደርሰው ገና ከጅምሩ ምን እንደማይሠራበት ተጽፎ ቢታወቅ ይበጃል። ሎጅ አይሠራበትም። የግል አዳራሽ አይሠራበትም። ይህ ከየትኛውም ንድፍ በፊት መወሰን ያለበት ነው።

ጥበቃውና ትኬቱ

የጥበቃውን ጉዳይ አቅልዬ አላየውም። ቤዛዊት ድልድዩንም ከተማውንም የሚያይ ከፍታ ነው፤ ማንኛውም መንግሥት ለእንዲህ ያለ ቦታ ይጠነቀቃል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ጎጃም ውስጥ ያለው ጦርነት ደግሞ ስንት ቤት እንዳፈረሰ፣ ስንት ትምህርት ቤት እንደዘጋ እያንዳንዳችን እናውቃለን። መንገድ ተዘግቶ፣ ወላጅ ልጁን ቀብሮ ባለበት ሰዓት ስለ መናፈሻ መጻፍ የሚከብድ ነው፣ ለእኔም ከብዶኛል። ግን ችግኝ ለጥላ የሚበቃው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የሽማግሌዎች ቃልም ሰላም እስኪመጣ አይጠብቅም። ሰላሙ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ ነገር ቢኖር ጥሩ ነው።

ተግባራዊ ቅደም ተከተሉ ይህንን ይመስላል ብዬ አስባለሁ። አጥሩ ወደ ሕንፃው ተጠግቶ ይታጠር፣ የቀረው ተዳፋትና ጫፉ ከአጥር ውጭ ይሁን። ፍተሻው ከኮረብታው ግርጌ ይሁን፣ መኪናም እዚያው ይቁም፤ ወደ ላይ በእግር፣ በብስክሌት፣ ለአቅመ ደካሞች ደግሞ በባጃጅ ይወጣ። ሽንት ቤትና ንጹሕ ውኃ ከአበባ በፊት ይግቡ። የእርከኑና የተከላው ሥራ በኮረብታው ዙሪያ ለሚኖሩ ወጣቶች ይሰጥ፤ ዛፉን የተከለ ሰው ዛፉን ይጠብቃል። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ የደን፣ የታሪክና የአርክቴክቸር ተማሪዎቹ የኮረብታውን ካርታ፣ የዛፍ ዝርዝርና የሽማግሌዎች ቃል ለመመዝገብ ከሩቅ መምጣት አያስፈልጋቸውም። ሕንፃው በዚህ መካከል ይመዝገብ፣ ይጠገን፣ ኤግዚቢሽኑ ይዘጋጅ። በውስጡ የኦሜድላው መንገድ፣ የባሕር ዳር መቆርቆርና የ1960ው አመፅ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ከነሱ በፊት ደግሞ ጎጃም የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር መሆኑ ይነገር፤ በጥር 1873 ዓ.ም ዘውድ የጫኑት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማቸውን መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያሰኙ ሰው ናቸው፣ ቤዛዊት የወጣ የጎጃም ልጅ የእሳቸውን ስም ሳያገኝ መውረድ የለበትም።

ትኬቱ በቤቱ በር ላይ ብቻ ይቆረጥ። ለውጭ ጎብኚ ጠንከር ያለ፣ ለአገር ልጅ ቀላል፣ ለተማሪ ነፃ። ኮረብታው ግን ለማንም፣ በማንኛውም ቀን፣ ያለ ክፍያ ይሁን።